ለአስራት፤ በተዳፋቱ ጓሯችን ላይ ስለተዘረጋው ርብራብ

ውዴ አስራት፣

«እንዴት ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ለሄደ ሰው ይሄ ይጠየቃል እንዴ? ግን እኔ ሌላ አጀማመር አላውቅም፤ ስለዚህ እንዴት ሰነበትክ? ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ እስካለፈው ወር ድረስ ደህና ነበርኩ። ያለቀስኩትን አልቅሼ፣ ልብስህን ለሚለብሰው ሰጥቼ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «በቃ፣ ባሌን እንደማውቀው አድርጌ በልቤ አስቀምጬዋለሁ» እል ነበር። አሁን ግን ደንግጫለሁ። ከድንጋጤዬ የተነሣ ጨው ያለው ወጥ ላይ ጨው እደግማለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ከመውረጃዬ አልፌ አዲሱ ገበያ ድረስ እሄዳለሁ። አንባቢዎቼ ይታዘቡኝ እንጂ ዛሬ በዚህ ዓምድ የሰው ወሬ የለም፤ የማወራው ከአንተ ጋር ነው።

ቀስ ብዬ ልንገርህ። በመጀመሪያ የቤቱን። የበሩ ማጠፊያ አሁንም ይጮኻል፤ ዘይት አላስነካሁትም፤ ሲጮህ አንተ የገባህ ስለሚመስለኝ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ የኩሽናውን ቆርቆሮ እንደ ድሮው ያንኳኳል። የዊንጌት ታክሲ ሰልፍ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ብሶበታል። እናትህ እማማ የሺ በአንተ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሌላ ሰው እንዲቀመጥበት አይፈቅዱም፤ እኔን ጨምሮ። አንድ ቀን ረስቼ ቁጭ ስል «ተነሺ፣ የሰው ቦታ ነው» አሉኝ። ተነሣሁ።

ጓሯችንስ? ጓሯችን ያው ተዳፋት ነው። ለማያውቀው አንባቢ ልንገር፤ ከኛ የኋላ በር ወጥቶ አንድ እርምጃ የተራመደ ሰው ሁለተኛውን ሳይፈልግ ይራመዳል። ጉለሌ ነዋ! ከበሩ ደፍ እስከ ታችኛው አጥር ድረስ እንደ ጣሪያ ያዘቀዘቀ ነው። ከአጥሩ ሥር የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ቤት አለ፤ የእሷ ቆርቆሮ ከኛ ሣር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

የቅልቅላችን ዕለት ትዝ ይልሃል? ሙሽራ ሆነህ፣ በሱፍህ ተንበርክከህ፣ በየጠረጴዛው እግር ሥር ድንጋይ ስታስገባ የዋልከው? ያም ሆኖ አንድ የቢራ ጠርሙስ ከአጎቴ ፊት ተነሣና፣ ሰዉ ሁሉ በዓይኑ እየሸኘው፣ ተንከባልሎ አጥሩን አልፎ የእትዬ ብርቄ ቆርቆሮ ላይ ዷ! አለ። አጎቴ ብድግ ብሎ «ልጃችንን ለገደል ነው እንዴ የዳርናት?» ሲል ከሁሉም ቀድመህ የሣቅከው አንተ ነበርክ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እለምንህ ነበር። «አስራት፣ ይቺን ጓሮ እናስደልድላት።» መልስህ አንድ ነው፤ «አይቻልም፤ ከሥሯ ቋጥኝ ነው።» ለእህትህ ለአዜብም ቋጥኝ ነው፤ አጥር ሊጠግን ለመጣው ግንበኛም ቋጥኝ ነው። ድማሚት ካልሆነ በቀር ምንም አይነካትም ትል ነበር። እኔም አምኜ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የኛ ጓሮ እኮ ከሥሩ አንድ ወጥ ቋጥኝ ነው» እያልኩ እንደ ርስት እኮራበት ነበር።

አንተ ካረፍክ በኋላ፣ ሣሩ ጤዛ ይዞ በነበረ አንድ ጠዋት፣ እናትህ ነጠላቸውን ሊያሰጡ ወጥተው ተንሸራተቱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስብራት አልነበረም። የእጃቸው አንጓ ወለም አለ፤ ወጌሻ አሸው፤ ዳነ። ልባቸው ግን አልዳነም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮ መውጣት ቀረ። ፀሐይ የምናገኘው በጓሮ በኩል ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ጨለማው ሳሎን ውስጥ፣ ወንበርህ ላይ፣ ጋቢ ተከናንበው ቁጭ።

አዜብ ይህን ስትሰማ መኪናዋን አስነሥታ መጣች። «ይሄ ግቢ ነው ወይስ ገደል? እማዬን እወስዳታለሁ። እኔ ጋ ሁሉም ነገር ሜዳ ነው፤ ሊፍት አለ።» እናትህ ከወንበርህ ሳይነሡ «ሊፍት ምን ያደርግልኛል? ወደ ሰማይ እንደሆነ በራሴ ጊዜ እወጣለሁ» አሏት። ሣቅን፤ አዜብ ግን አልሣቀችም። እውነቷን ነው፤ እናቷ ናቸው። እሳቸው መሄድ አይፈልጉም። አንተ ያረፍክበት ቤተ ክርስቲያን እዚህ ነው፤ የጽዋ ማኅበራቸው እዚህ ነው፤ ስማቸውን የሚያውቅ ባለ ሱቅ እዚህ ነው። ግን አዜብን ማን ያሸንፋታል? ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጓሮው መላ ካልተበጀለት ትወስዳቸዋለች፤ ቃሏ ይኸው ነበር። አስበው እንግዲህ። አንተን በሸኘሁ ዓመት እናትህንም ልሸኝ? ከማን ጋር ልቀር፣ ከበሩ ማጠፊያ ጋር?

መላው የመጣው ከእንጦጦ ነው። ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ለሽርሽር ወጥተን፣ በባሕር ዛፉ መካከል፣ ከኛ ጓሮ በባሰ ቁልቁለት ላይ የእንጨት ወለል ተሠርቶ፣ ሰው ተዝናንቶ ማኪያቶ ሲጠጣ አየን። እኔ ማኪያቶዬን ትቼ ጎንበስ ብዬ ከወለሉ ሥር አየሁ። ባልደረቦቼ ቀለበት የጠፋብኝ መስሏቸው አብረውኝ ጎነበሱ። አስራት፣ መሬቱን ማንም አልነካውም! ቁልቁለቱ እንዳለ ነው። በቁመት የተለያዩት ቋሚዎቹ ናቸው፤ ከላይ በኩል ያለው እስከ ጉልበት፣ ከታች በኩል ያለው ከሰው ቁመት በላይ። ከላያቸው የተዘረጋው ጣውላ ግን ውሃ ብታፈስበት የትም የማይሄድ ቀጥ ያለ ነው። «ቋጥኙን መፈንቀል ሳያስፈልግ!» ብዬ ጮኽኩ። የምን ቋጥኝ እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም።

ስሙ ዴክ ነው አሉኝ። ቶለራ የሚባል የሱሉልታ ልጅ፣ አናጢ፣ ቀልደኛና ጉረኛ፣ ሥራውን ያዘ። ገና ስነግረው «እትዬ፣ ዴክ ምናምን አትበይ፤ ይሄ በኛ ርብራብ ነው» አለኝ። እናትህ ደግሞ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ እንጨት መሆኑን ሲሰሙ «ቆጥ ነዋ! ዶሮ ነሽ ብለሽ ቆጥ ላይ ልታወጪኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ጣውላው በር ላይ ሲራገፍ ያየው ሰፈር ደግሞ «መድረክ ነው» አለ፤ የባሏን ሙት ዓመት በሙዚቃ ልታደርገው ነው ተብዬ ታማሁ። እኔ! እኔ ታማሁ!

ቶለራ በቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ፣ አንዱን ጫፍ ለእኔ አስይዞ፣ ወለሉ እንዳያዘነብል ከላይ ወደ ታች ውሃ ልክ አነሣ። «እትዬ አትንቀጥቀጪ፣ ውሃው ይዋሻል» ይለኛል። ምስጥ እንዳይበላቸው ብሎ የቋሚዎቹን ሥር በተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲቀባ እናትህ «ቤቴን ጋራዥ አደረጋችሁት» ብለው አፍንጫቸውን በነጠላ ያዙ። እኔ ግን ቋሚዎቹ የተጋደሙበት ጥግ ሄጄ ትንሽ ቆምኩ። አንተ ጋራዥ ውለህ ስትገባ የምትሸተው ሽታ ነው። ቶለራ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ሥራህን እየተቆጣጠርኩ ነው» አልኩት።

ከዚያ ቁፋሮው መጣ። ስለ ቋጥኙ አስጠንቅቄው ስለነበር ከባድ ዲጅኖ ይዞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ መዳፉን እትፍ ብሎ ጀመረ። የመጀመሪያው ጉድጓድ አፈር ብቻ። ቀጣዩም አፈር ብቻ። «እትዬ፣ ቋጥኙ የታለ?» «ወደ ታች ነው፤ ጠብቅ።» ወረደ፤ እዚያም አፈር። «እትዬ፣ ባልሽ ቋጥኝ አይተው ያውቃሉ?» ተናደድኩ። «ባሌን በሥራህ አታስገባ!» አልኩት። በመጨረሻ የታችኛው ጥግ ጋ ደረሰ። አንተ ሣር እንጂ ሌላ ነገር እንዳይተከልበት የምትከለክለው ጥግ። ቶለራ እዚህስ ቋጥኙን አገኘዋለሁ ብሎ ዲጅኖውን ከራሱ በላይ አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰደደው።

እንደ ገንፎ ዋጠው! ዲጅኖው እስከ ጫፉ ሰምጦ ቶለራ ተከትሎት ሊገባ ለጥቂት ነው የተረፈው። ወዲያው ከመሬት ውስጥ፣ ከእግራችን ሥር፣ «ኧረ በስመ አብ! ኧረ የሰው ያለህ!» የሚል ጩኸት ወጣ።

ቶለራ «ያ ዋቃ!» ብሎ አምላኩን እየጠራ እስከ ውጭ በር ድረስ በረረ። እናትህ ደፉ ላይ ቆመው አማተቡ። እኔስ? አስራት፣ ሳልዋሽህ፣ ለአንዲት አፍታ አንተ መሰልከኝ። ከመሬት ሥር የሚጣራ ሌላ ሰው ማን አለኝ? ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። «አስራት?» ብዬ ተጣራሁ መሰለኝ፤ እናትህ ኋላ ላይ ሲነግሩኝ ነው ያወቅኩት።

ጩኸቱ ግን ቀጠለ። «ምስሬን! የለቀምኩትን ምስር አፈር አለበሳችሁት!» የሞተ ሰው ምስር አይለቅም። ድምፁን ለየሁት። እትዬ ብርቄ ናት።

በቅያሱ ዞሬ፣ በነጠላ ጫማ፣ እየሮጥኩ ወረድኩ። የፊት ክፍሏን አውቀዋለሁ፤ ስንት ወሬ ያወራንበት ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ሁልጊዜ ግድግዳ የሚመስለኝ የአበባ መጋረጃ ተከፍቶ፣ ከኋላው ሌላ ክፍል! ሙሉ ክፍል! አልጋ አለ፣ መደርደሪያ አለ፣ የልጆቿ የምረቃ ፎቶ ተደርድሯል፣ ግድግዳው ተለስኖ ኖራ ተቀብቷል። ከጣሪያው መካከል ደግሞ የኛ ዲጅኖ እንደ አምፖል ተንጠልጥሏል። ከሥሩ እትዬ ብርቄ አፈር የሞላበት ሰፌድ ይዛ፣ ፀጉሯ አቧራ ለብሶ፣ ቆማለች። አቅጣጫውን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ወደ ላይ አየሁ፤ ወደ ኋላ አየሁ። ቤቱ የብርቄ ነው፤ ክፍሉ ግን ያለው በኛ ጓሮ ውስጥ ነው። ለዓመት በዓል የምጎዘጉዘውን ሣር ስንት ጊዜ ያጨድኩት ከሰው ጣሪያ ላይ ኖሯል!

«አፍርሺው ካልሽኝ ይፈርሳል» አለች፤ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ። «መሬቱ የእናንተ ነው። አስራት ነው ዝም በይ ያለኝ።»

«የቱ አስራት?» አልኩ። ሞኝ ጥያቄ ነው። ግን በዚያ ሰዓት እውነትም ሌላ አስራት ያለ መሰለኝ።

ተቀምጣ ነገረችኝ። ባሏ ሦስት ልጆች ጥሎባት የጠፋ ጊዜ የነበራት አንድ ክፍል ነው። አንድ ክረምት ከኋላ ያለው የኛ አፈር ተንዶ ግድግዳዋን አፈረሰው። አፈሩን እየዛቀች ስታወጣ ቦታ ተገኘ። «ትንሽ ልጨምር፣ ትንሽ ልጨምር እያልኩ ገባሁበት» አለችኝ። በጭራሮና በአሮጌ ቆርቆሮ ከደነችው፤ ከላዩ አፈር መለሰችበት፤ ሣር በቀለበት፤ ልጆቿን እዚያ አስተኛች። ከዚያ አንተ አንድ ቀን ችግኝ ልትተክል ወጥተህ እግርህ ሰመጠ። ቆመህ ስታዳምጥ ከሥርህ ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ።

በቅያሱ ዞረህ መጣህ። ፖሊስ ያስከተልክ መስሏት ልጆቿን ወደ ኋላዋ ሰብስባ ጠበቀችህ። አንተ ግን ጣሪያውን በእጅህ ገፋ ገፋ አድርገህ «ይሄ እንጨት ይወድቅባቸዋል» አልክ። በሳምንቱ ቋሚ ተሸክመህ መጣህ። በሚቀጥለው ቆርቆሮ። በሚቀጥለው ጭቃ አብረህ ረገጥክ።

በሳምንቱ! «የእድር ስብሰባ አለብኝ» ስትለኝ የነበረው? ጫማህ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ስትገባ «ስብሰባው ሜዳ ላይ ነበር» ያልከኝ? አስራት፣ ያንን ጫማ እኮ እኔ ነኝ ስጠርግልህ የነበርኩት! ቋጥኙንም የፈጠርከው ያኔ ነው፤ ማንም ሰው ዲጅኖ ይዞ እዚያ እንዳይደርስ። አንድ ቋጥኝ ሙሉ ከምንም አንሥተህ ጓሮዬ ሥር ቀበርክብኝ፤ እኔም ስንት ዓመት ኮራሁበት።

ወደ ቤት ተመለስኩ። ለእናትህ ነገርኳቸው። አልደነገጡም። «ያ ክፍል እስካሁን አለ?» አሉኝ።

አየህ? እሳቸውም ያውቃሉ! «ታዲያ ለኔ ለምን አልተነገረኝም?» አልኩ። «ላንቺ?» አሉ፤ ዓይናቸውን ከመቁጠሪያቸው ሳያነሡ። «ላንቺ ተነግሮ ሊያድር? አንቺ እኮ ራዲዮ ነሽ ልጄ። አስራት፣ ‹እማዬ፣ ለሷ ከነገርን ነገ ዊንጌት ሰልፍ ላይ ይወራል› ብሎ አስምሎኛል።»

ያስደነገጠኝ ይሄ ነው እንጂ ክፍሉ አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር እንደታየ፣ ማን ለሠርጉ መኪና ተውሶ የራሴ ነው እንዳለ የማውቅ እኔ፣ በሰው ወሬ ደሞዝ የምበላ እኔ፣ ከገዛ ጓሮዬ ሥር ሦስት ልጆች አድገው፣ ተምረው፣ ተመርቀው ሲወጡ አልሰማሁም! አብሬህ በልቼ፣ አብሬህ ተኝቼ፣ ጫማህን ጠርጌ አልሰማሁም። ተናደድኩብህ። ፎቶህን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ምሳ ሲደርስ መልሼ አቃናሁት፤ ብቻዬን መብላት ስላቃተኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። አዜብ ሰማች። (እኔ አይደለሁም የነገርኳት፤ ቶለራ ነው።) መጣችና ክፍሉን ከላይም ከታችም አየችው። «ይሄ ድንበር መግፋት ነው፤ ካርታው ይውጣ» አለች። «ክፍሉ ይፍረስ፤ ቋጥኝ ከሌለ ጓሮው ይደልደል፤ እማዬም እንደ ሰው ሜዳ ላይ ትሂድ።» ልትቆጣት ትችላለህ፤ ስሕተት ግን አልነበረባትም። መሬቱ የኛ ነው። ከላይ ያሉት እናቷ ናቸው። ቶለራም ራሱን እያከከ «እዚህ ጣሪያ ላይ ቋሚ ከተከልኩ ርብራቡ አንድ ቀን ከነእማማ እታች ይወርዳል» አለ። የታችኛው ቋሚ ከሌለ ደግሞ የሚቀረው ወለል አንድ ወንበር እንኳ የማይዝ ጠባብ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ወይ ብርቄ ክፍሏን ታጣለች፣ ወይ እናትህ ከቤታችን ይወጣሉ። ሁለቱም እኔን ያዩኛል። አዜብም ታየኛለች።

አንተን ልጠይቅህ ፈለግኩ። ከዚያ ዲጅኖው በቀደደው ቀዳዳ አጎንብሼ ወደ ታች አየሁ። አንተ የተከልካቸው ቋሚዎች እንደቆሙ ናቸው። መልስህን ተክለኸው ሄደሃል፤ ምኑን ልጠይቅህ? «ክፍሉ አይነካም» አልኩ። አዜብ «እንግዲያው እማዬ ነገ ትዘጋጅ» አለች።

እማማ የሺ ከደፉ ላይ ሆነው «ምን ያጨቃጭቃችኋል? ዝለሉት» አሉ።

«ምኑን እማዬ?»

«ክፍሉን ነዋ! ሰው ቦይ ሲያጋጥመው ምን ያደርጋል? ይዘለዋል።»

ቶለራ እኛን አየ፣ ጓሮውን አየ፣ ደግሞ እኛን አየ። ከክፍሉ ግራና ቀኝ ጠንካራው መሬት ላይ ቋሚ ተተክሎ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ወፍራም አግዳሚ ቢያልፍ፣ ወለሉ ጣሪያውን ሳይነካ ያልፋል። «ግን እማማ፣ ያ ርብራብ አይሆንም፤ ድልድይ ነው። እኔ ድልድይ ሠርቼ አላውቅም።» «ቆጥ ነው፤ ሥራው» አሉት።

ክፍሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ከላይ አይታይም። ምን እንዳደረግን ብታይ! እትዬ ብርቄ ከሥር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን እያንኳኳች በግድግዳዋ ጥግ ጥግ ትሄዳለች። ቶለራ ከላይ ሣሩ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ጆሮውን ደፍቶ ይከተላታል። እኔ «እዚህ ነሽ?» እያልኩ በቀዳዳው እጮኻለሁ፤ እሷ «ኧረ ወደ ግራ! ግራ አታውቂም?» ትለኛለች። ድምፁ ባለቀበት ሁሉ ችካል መታን። አንድ ጊዜ ቶለራ በጣም ስለቆየ እናትህ «ተኛ እንዴ?» አሉ። የሰፈር ሰው በአጥር አንገቱን አስግጎ «ምን እየፈለጋችሁ ነው?» ሲለኝ፣ አስራት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምንም» ብዬ ዝም አልኩ።

ተሠራ። ጣሪያዋ ተደፈነ፣ ምስሯ በሌላ ምስር ተተካ። ወለሉ በጣም ያምራል፤ በጣውላዎቹ መካከል ዝናብ የሚወርድበት ትንሽ ትንሽ ክፍተት አለ፤ ዙሪያውን የእጅ መደገፊያ አለው። እናትህ በመጀመሪያው ቀን ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው አንድ እግራቸውን አስቀድመው ሞከሩት፤ ከዚያ ሁለተኛውን። መካከሉ ላይ ቆመው ፀሐዩን ፊታቸው ላይ ተቀበሉና ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። አሁን ጠዋት ጠዋት ዱላቸውን ቋ ቋ እያደረጉ ከዳር ዳር ይመላለሳሉ።

አዜብ ግን ቅዳሜ ዕለት መጣች። ወለሉን ዞራ አየችው፤ ረገጠችው፤ «ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ሳሎን ገብታ የእናቷን ልብስ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች። «ጓሮው ተስተካከለ፤ እሺ» አለችኝ። «አንቺ ግን ቀን ቀን ሥራ ነሽ። ብትወድቅ ማን ይሰማታል? አስራት የለ። ለማን ብዬ ልተዋት?» እኔ ማውራት የሚያቅተኝ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ፤ አዜብ ጋቢያቸውን ስታጥፍ ቆሜ አየኋት።

በዚያ መካከል ከውጭ ዱላ ሲወድቅ ሰማን። ቋ! ከዚያ ጸጥ። ሁለታችንም ተያየን፤ ሁለታችንም ወደ በሩ ዞርን። ከኛ በፊት ግን የውጭ በሩ ተበርግዶ እትዬ ብርቄ ገባች። አንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ ባዶ፤ እጇ ሊጥ በሊጥ፤ እየለከለከች በመካከላችን አልፋ ወደ ጓሮ። «እማማ! እማማ የሺ!»

እናትህ ወንበራቸው ላይ፣ ፀሐይ መትቷቸው፣ አንቀላፍተው ነበር። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ምን ሆንሽ አንቺ? ቤትሽ ተቃጠለ?» አሏት።

«ዱላዎ ወደቀ፤ ከዚያ ዝም አሉ!»

«ተኝቼ ነው። መተኛትም ክልክል ሆነ?»

ብርቄ ደረቷን በሊጥ እጇ ይዛ ጣውላው ላይ ዘፍ አለች። አዜብ ደፉ ላይ ቆማ፣ ጋቢው በክንዷ ላይ እንዳለ «ከሥር ይሰማል?» አለቻት። «ሁሉም ይሰማል» አለች ብርቄ። «የሚሄዱበትን ጥግ አውቃለሁ። የሚቆሙበትን አውቃለሁ። ሲያስነጥሱ እንኳ ‹ይማርዎ› እላለሁ፤ እሳቸው አይሰሙኝም እንጂ።»

አዜብ ገብታ ጋቢውን ቦታው ላይ መለሰችው፤ ሻንጣውን ዘጋችው፤ ባዶውን ይዛ ወጣች። መኪናዋ ጋ ስትደርስ ተመልሳ መጥታ ስልክ ቁጥሯን ለእትዬ ብርቄ ሰጠቻት። «ዱላው ሲወድቅ ለኔም ደውዪልኝ» አለቻት። እናትህ «በየቀኑ ነው የሚወድቀው፤ መከራሽን ልታዪ ነው» አሉ።

እትዬ ብርቄን «ልጻፈው?» ብዬ ጠየቅኳት። አስበው፣ ጠየቅኩ! «ስሜን ቀይሪና ጻፊው፤ አሮጊት እንዳትይኝ ብቻ» አለችኝ። ቀይሬዋለሁ። እውነተኛውን አንተ ታውቀዋለህ።

ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። የልቅሶህ ሰሞን ሰው ስለ አንተ ሊያወራ አፉን ሲከፍት እቀድመው ነበር። «አውቃለሁ፣ እንዲህ ነበር አይደል?» ብዬ ጨርሼ እነግረው ነበር፤ ባሌን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል ብዬ። ዘንድሮ ግን የማውቀውን ያህል ብቻ ነው የቀበርኩት እላለሁ። የቀረኸው ገና በየሰዉ ቤት ነህ። ጋራዥ አብሮህ የሠራ ሰው ምናልባት አንድ ቁራጭ ይኖረዋል፤ የእድሩ ዳኛ አንድ ቁራጭ፤ ስሙን የማላውቀው ሰው ደግሞ ሌላ። እየዞርኩ እሰበስብሃለሁ፤ በሰበሰብኩህ ቁጥር ደግሞ መደንገጤ አይቀርም። ይሁን። ቃሌን ልስጥህ፤ ሰው መጥቶ «ባልሽ እኮ አንድ ጊዜ...» ብሎ ሲጀምር፣ አፌን ዘግቼ እስከ መጨረሻው አዳምጠዋለሁ።